ምስሏንስ ማን ይበላታል?

(የመግቢያ ሙዚቃ። ጥቂት ከተሰማ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል።)

   የዛሬው ወሬያችን ኬክ ነው፤ ላዩ ላይ ሰው የቆመበት፣ አንበሳ የተኛበት፣ ኳስ ተጫዋች እግሩን ያነሳበት ኬክ። የምርቃት ሰሞን በኬክ ቤቶች መስተዋት ውስጥ ጥቁር ጋዋን ለብሳ፣ ቆቧን አዘንብላ፣ ጥቅልል ወረቀት ይዛ የምትታየውን ትንሽ ምስል አስቧት። ልጆች ልደታቸው ገና ሳይደርስ የሚያዙትን የካርቱን ገጸ ባሕርይ አስቡ። ለመልስ የሚመጣውን፣ መሶብ የሚመስለውንም ኬክ እንደዚሁ።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሻማው ጠፍቶ፣ ኬኩ ተቆርሶ ለእንግዳ ሲታደል፣ ያቺ ምስል ወዴት ትሄዳለች? ማን ይበላታል?

(አጭር ዝምታ።)

አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይበላትም። ሳህን ዳር ትቀመጣለች፤ ወይም ፍሪጅ ላይ ወጥታ አቧራ ትጠግባለች፤ አለዚያ ከተረፈው ክሬም ጋር ትጣላለች። ዛሬ የምከራከረው ይህ መሆን የለበትም ብዬ ነው። ኬክ ላይ የሚቆም ምስል ቢበሉት የማይጎዳ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰው ፈልጎ የሚበላው መሆን አለበት። ልድገመው፤ ሰው ፈልጎ የሚበላው። የሙያው ዋና ዋና ውሳኔዎች፣ ከምን ይሠራ፣ በምን ይቁም፣ በምን ይቀባ የሚሉት ሁሉ፣ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጡ ይመስለኛል።

ለምን ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ቀላል ነው። ምስሉ የማይበላ ከሆነ ከስኳር የሚሠራበት ምክንያት የለም። የፕላስቲክ አሻንጉሊት ርካሽ ነው፤ ወድቆ አይሰበርም፤ እርጥበት አያሟሟውም፤ ቀለሙም ክሬሙን አያበላሽም። ከስኳር አንድ ፊት፣ ሁለት እጅ፣ አንድ ጋዋን ለማውጣት ሰዓታት የሚፈጅባት ባለሙያ በመልክ ብቻ ከፋብሪካ ጋር ብትፎካከር ትሸነፋለች። ፋብሪካው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ የእሱ አሻንጉሊት ጣዕም የለውም። የባለሙያዋ ብልጫ ያለው እዚያ ላይ ነው። ታዲያ ያንን ብልጫዋን ትታ፣ በጥርስ የማይደፈር፣ ስኳር ስኳር ብቻ የሚል ምስል ስታቀርብ ከማን ጋር ልትወዳደር ነው?

የዓባይን ወንዝ ተከትለን ወደ ግብፅ ብንወርድ ለዚህ ምስክር እናገኛለን። በካይሮ የስኳር ምስል የቆየ ነገር ነው። ናሲር ኹስሮ የተባለ ፋርሳዊ መንገደኛ በ1040ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከተማዋን ጎብኝቶ፣ በፋጢማውያን ቤተ መንግሥት ለበዓል ግብዣ የተዘጋጀ፣ ቅርንጫፉም ቅጠሉም ከስኳር የሆነ የብርቱካን ዛፍ የሚመስል ነገር ማየቱን ጽፏል። በነገራችን ላይ፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እዚያው ግብፅ እስከ ዘመናችን ድረስ፣ የነቢዩ መሐመድ ልደት በሚከበርበት በመውሊድ፣ የፈላ ስኳር በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየፈሰሰ ሙሽራ የመሰለች አሻንጉሊትና በፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግና ይሠራል። አሻንጉሊቷ ባለቀለም ወረቀት ትለብሳለች፤ ከኋላዋም የወረቀት ማራገቢያ ይዘረጋላታል። እሷ ለሴት ልጅ፣ ፈረሰኛው ለወንድ ልጅ ይሰጣል። ዛሬ ግን በየገበያው በብዛት የምትታየው አሻንጉሊት የፕላስቲኳ ናት። ያማረ ልብስ ለብሳ መደርደሪያ ላይ እንድትቀመጥ ብቻ ከተፈለገች ፕላስቲክ ስኳርን ማሸነፉ አይቀርም። ስኳሩ በቦታው የጸናው ጣፋጭነቱ በሚፈለግበት ቤት ነው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፤ አጭር።)

ተቃዋሚ ግን ዝም አይልም። «ታሪኩ ራሱ ያፈርስብሃል» ሊለኝ ይችላል። «የስኳር ምስል ከጥንትም ለዓይን እንጂ ለአፍ አልነበረም» ሊለኝ ይችላል። ማስረጃም አያጣም። በ1574 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ በቬኒስ ሲያልፍ በተደረገለት ግብዣ ላይ ዳቦውም፣ ሳህኑም፣ ቢላውና ሹካውም፣ የአፍ መጥረጊያው ጨርቅ ሳይቀር ከስኳር የተሠራ ነበር፤ ንጉሡ ጨርቁን ሊያነሳ ሲል በእጁ ላይ ተሰበረ ይባላል። ከ1784 እስከ 1833 የኖረው ፈረንሳዊው አንቶናን ካሬም ደግሞ የሕንፃ ሥዕሎችን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ እያጠና፣ ቤተ መቅደስና የፈራረሰ ግንብ ከስኳር ያቆም ነበር። ስኳሩን በሙጫ እያቦካ ስለሚያደርቀው ያ ሕንፃ ድንጋይ ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚነክሰው አልነበረም። በ1840 በንግሥት ቪክቶሪያ ሠርግ ላይ የቀረበው ኬክም 300 ፓውንድ፣ ማለትም ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። አናቱ ላይ ብሪታንያን የምትወክል ሴት ምስል የጥንት ሮማውያን ልብስ የለበሱትን ሙሽሮች ስትመርቅ ትታያለች፤ ከሙሽራው እግር ሥር የታማኝነት ምልክት የሆነ ውሻ፣ ከሙሽሪት እግር ሥር ርግቦች ነበሩ።

እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንለይ። በዚያ ዘመን ስኳር ራሱ የሀብት ማሳያ ነበር። አንድ መስፍን አንድ ክንድ የሚያህል የስኳር ሐውልት ሲያቆም «ይህን ያህል ስኳር ሳይበላ ሊቀር ይችላል» ማለቱ ነው፤ አለመበላቱ ራሱ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ስኳር ከሱቅ በኪሎ ይገዛል። ዋጋው ቢያማርረንም የመኳንንት ምልክት አይደለም። ሁለተኛው ነገር የበለጠ ይመዝናል። የካሬም ግንብ ጠረጴዛ መሃል ለብቻው ይቆም ነበር፤ በዙሪያው የተቀመጡትም ጎልማሶች የሚበላውንና የማይበላውን ያውቁ ነበር። የእኛ ምስል ግን የሚቆመው ኬኩ ላይ ነው። ዙሪያውን ያሉት የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ናቸው። ለልጁ «ይህ ኬክ ነው» ተብሎ ተነግሮታል፤ እጁን ዘርግቶ መጀመሪያ የሚይዘውም ያንኑ አንበሳ ነው። ለውድድር ወይም ለሆቴል አዳራሽ ጌጥ የሚሠራውን ሐውልት ለባለቤቶቹ እተውላቸዋለሁ። ልጅ የሚነክሰው ነገር ላይ ግን አልስማማም።

(አጭር ዝምታ።)

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ምስሉ ፈልገን የምንበላው እንዲሆን ከምን እንሥራው?

ብዙዎቻችሁ ፎንዳንትን ታውቁታላችሁ። ከዱቄት ስኳር፣ ከግሉኮስ፣ ከግሊሰሪንና ከጄላቲን ይቦካል። በመዳመጫ በስሱ ተዳምጦ ኬክ ሲያለብሱበት ልስላሴው ግሩም ነው፤ ቀጭን ስለሆነም ከታች ካለው ክሬምና ኬክ ጋር አብሮ ይበላል። ችግሩ የሚመጣው ይኸው ነገር ሲወፍር ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው የፎንዳንት ክንድ ስኳር ብቻ ነው፤ ስብ የለው፣ ጨው የለው፣ መዓዛ የለው። በዚያ ላይ ቅርጹን እንዲይዝ ሲኤምሲ የሚባለው ዱቄት ይጨመርበታል፤ ብዙ ጊዜ ለ250 ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሲኤምሲ ለምግብነት የተፈቀደ ነው፤ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። ግን ምስሉ በደረቀ ቁጥር እንደ ጠመኔ ይሆናል። ሰው ፎንዳንት አልወድም የሚለው ብዙውን ጊዜ ፎንዳንትን ያለቦታው ስለቀመሰው ነው። ለቀጭን ነገር፣ ማለትም ለቆብ፣ ለጥበብ ጥለት፣ ለአበባ ቅጠል ይሁን። ለአካል ሌላ እንፈልግ።

እኔ የማስቀድመው ለቅርጽ የሚቦካውን ቸኮሌት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጥቁር ቸኮሌት ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ ለብ ያለ ግሉኮስ ይጨመርበታል። ለ200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 100 ግራም ያህል ግሉኮስ ብላችሁ ጀምሩ። ነጭ ቸኮሌት ለስለስ ያለ ስለሆነ የግሉኮሱ መጠን ይቀንሳል። ከዚያ ሊጡ እስኪያያዝ ብቻ ይገላበጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ይበልጥ እንዲለሰልስ ብሎ አጥብቆ ሲያሸው ስቡ ተለይቶ ይወጣና ዘይት ያወርዳል። ስለዚህ ሲያያዝ ተዉት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል እስኪነጋ አሳድሩት። በማግሥቱ ጠንክሮ ታገኙታላችሁ፤ በእጃችሁ ሙቀት ስታሹት ይታዘዛል። ሲበላ ደግሞ ያው ቸኮሌት ነው። ልጅ የቸኮሌት አንበሳ ሳህን ዳር ይተዋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

«ቸኮሌት ይቀልጣል» የሚል ካለ ልክ ነው። የኮኮዋ ቅቤ ከሰውነታችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ሲል መቅለጥ ይጀምራል። ለዚህ ነው እጁ የሚሞቅ ሰው በየመሃሉ እያሳረፈ መሥራት ያለበት። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ደጋ ናት። የሚቀልጥብን ምስል በፀሐይ መስኮት ዳር ያስቀመጥነው ነው እንጂ አየሩ ራሱ ወዳጃችን ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የምትሠሩ፣ ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ወገኖቻችን ግን ሌላ ስሌት ያስፈልጋችኋል፤ ለእናንተ ማርዚፓን ይሻላል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ቸኮሌት ሌላም በረከት አለው። ቀለሙ ከራሱ ነው። ነጩን፣ ወተት ያለበትንና ጥቁሩን እያመጣጠናችሁ ብታደባልቁ፣ ከቀይ ዳማ እስከ ጠይም፣ ከጠይም እስከ ጥቁር ድረስ የሀገራችንን ሰው መልክ ያለ አንዲት ጠብታ ማቅለሚያ ታወጣላችሁ። ታሽጎ «የሰው ቆዳ ቀለም» ተብሎ ከውጭ የሚመጣውን ሮዝማ ፎንዳንት ለተመራቂያችን ፊት ማድረግ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማንን እንደሚመስል አይገባኝም። ጸጉሩም ከጥቁሩ ቸኮሌት ይሠራል፤ ሹሩባው፣ አፍሮው ሁሉ። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። በገበያ ላይ ከኮኮዋ ቅቤ ይልቅ በአትክልት ስብ የተሠራ ቸኮሌት በብዛት አለ። ለቅርጽ ይመቻል፤ ሙቀትም ይበልጥ ይችላል፤ ጣዕሙ ግን ከላንቃ ላይ የሚለጠፍ ስብ ነው። ማሸጊያውን አንብቡና እያወቃችሁ ምረጡ።

ማርዚፓን ከተፈጨ አልመንድና ከስኳር የሚቦካ ነው። በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ የማርቶራና ገዳም መነኮሳይት ከዚህ ሊጥ ፍራፍሬ እየቀረጹ ስማቸውን አስጠርተዋል፤ በለሱ፣ ብርቱካኑ፣ ሮማኑ ከእውነተኛው አይለይም፤ ግን ሁሉም ይበላል። የሚያብረቀርቀው በሙጫ ውሃ ስለሚቀባ ነው። ያ ሙጫ ከግራር ዛፍ የሚለቀም ሲሆን ሀገራችንም ለውጭ ገበያ ከምታቀርባቸው ምርቶች አንዱ ነው። ሀብቱ በእጃችን ሳለ የማብረቂያ ብልቃጥ ከውጭ እንገዛለን። አልመንድ ውድ ነው ካላችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን ሜክሲኮዎች ማርዚፓናቸውን የሚሠሩት ከለውዝ ነው፤ ለውዝ ደግሞ ባቢሌ ሞልቷል። የለውዝ ሊጥ ዘይት ስለሚበዛውና ስለሚፈረፈር ለቀጭን ጣትና ለአፍንጫ አይሆንም፤ ለተቀመጠ ዝሆን ወይም ለተኛ በግ ግን በቂ ነው። ለውዝም ይሁን አልመንድ ከሰውነቱ ጋር የማይስማማ ልጅ እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው። «ትንሽ ናት፣ ምን ትጎዳለች» አይባልም።

ትልልቅ አካል የሚያስፈልገው ምስል ከሆነስ? ኬኩ ሲስተካከል የሚቆረጠው ጫፍ አለ አይደል? እሱ ይፈረፈርና ከቀለጠ ቸኮሌትና ክሬም ጋር ይለወሳል። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ የአንበሳው ሆድ፣ የጀበናው ድንቡሽ ገላ ከእሱ ይቀረጻል። ላዩን ብቻ በስሱ ያለብሱታል። ሲቆረጥ ውስጡ ኬክ ነው፤ የተረፈውም አልተጣለ።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ።)

አሁን የተቀላቀላችሁን አድማጮች፣ የምንነጋገረው ኬክ ላይ ስለሚቆም ምስል ነው። ሐሳባችን አንድ ነው፦ ምስሉ ሰው ፈልጎ የሚበላው ይሁን። ከምን እንደሚሠራ አይተናል፤ ለአካሉ ቸኮሌት ወይም ማርዚፓን፣ ለቀጭኑ ነገር ፎንዳንት። የሚቀጥለው ጥያቄ፦ ምስሉ በምን ይቁም?

እዚህ ላይ የባለሙያዎች ተቃውሞ ጠንካራ ነው። «የምትለው የሚበላ ነገር ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ነገር ደግሞ አይቆምም። ሽቦ ወይም ስቴኪኒ ካላስገባሁበት አንገቱ ይወድቃል» ይላሉ። በቴሌቪዥን የታወቁትን የአሜሪካ ኬክ ሠሪዎች የተመለከተም ይህን ያጠናክራል፤ በ2006 የጀመረው የዳፍ ጎልድማን ዝግጅት፣ በ2009 የጀመረው የባዲ ቫላስትሮ ዝግጅት፣ በእንጨትና በቧንቧ የቆሙ ግዙፍ ኬኮችን ለዓለም አሳይተዋል። ለሰው ቁመት የሚጠጋ ኬክ ያለ እንጨት እንደማይቆም እስማማለሁ። ያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እንጨቱ የሚቆመው ከሥር ነው፤ ባለሙያ አፍርሶ እስኪያወጣው ማንም አይደርስበትም። አንድ ስንዝር በማትሞላ ምስል ውስጥ የተደበቀ ስቴኪኒ ግን የሚገኘው በልጅ ጉሮሮ ውስጥ ነው።

መፍትሔው በየቤታችን ማጀት አለ። ያልተቀቀለ ስፓጌቲ። ጭንቅላቱን ከአካሉ፣ ክንዱን ከትከሻው ጋር ለማያያዝ አንዲት ደረቅ ስፓጌቲ ይበቃል። ብትነከስ ትሰበራለች፤ ብትዋጥ ምግብ ናት። ደረቅ ስለሆነችም ከሊጡ ትንሽ እርጥበት ስባ አጥብቃ ትይዛለች። ደካማ ናት ካላችሁ ደግሞ ሁለት አድርጓት።

ከዚያ በላይ ግን መፍትሔው አቋቋም ነው። ጀማሪ ሁልጊዜ የቆመ ሰው ልሥራ ይላል፤ ሁለት ቀጭን እግር፣ ከላይ ከባድ ጭንቅላት። የሚወድቀውን መርጦ ነው የጀመረው። ተመራቂዋን በመጻሕፍት ክምር ላይ ብታስቀምጧት ምን ይጎድልባታል? ጋዋኑ እስከ መሬት የሚደርስ ልብስ ነው፤ ከሥሩ እግር አያስፈልግም፤ አካሉን ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ አድርጋችሁ ብታወጡት ራሱን ችሎ ይቆማል። የሀበሻ ቀሚስም እንደዚያው ነው። ኳስ ተጫዋቹ ኳሱ ላይ ይቀመጥ። ማንኛውም ምስል ከድቡልቡል፣ ከጥቅልልና ከሾጣጣ ይጀምራል፤ በእነዚህ ሦስት ቅርጾች ዝሆንም ሙሽራም ይወጣል። ሥራውን ደግሞ በአንድ ቀን አትጨርሱት። አካሉ ዛሬ ተሠርቶ ይደር፤ ጭንቅላቱ ነገ ይውጣበት። ኬክ ላይ ሲወጣም በቀጥታ ክሬም ላይ አታቁሙት፤ በደረቀ ፎንዳንት ሰሌዳ ላይ ቢቀመጥ ክብደቱ ይከፋፈላል። ፎንዳንት ያለበትን ኬክ ፍሪጅ አስገብታችሁ ስታወጡት እንደሚያልበውም አትርሱ፤ ቀዝቃዛው ኬክ የክፍሉን እርጥበት ይስባል፤ ቀለሙም ይወርዳል።

(አጭር ዝምታ።)

ቀለም ላይ ደረስን። እዚህ ትንሽ ቆም እንበል፤ ነገሩ የጣዕም ብቻ ሳይሆን የጤና ነውና።

ወርቅማና ብርማ ሆነው የሚያብረቀርቁ ዱቄቶች አሉ። በቡሩሽ ይቀባሉ፤ ዘውድ ያደምቃሉ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 ሁለት አጋጣሚዎችን ዘግቧል። በ2018 በሮድ አይላንድ ግዛት በአንድ የልደት በዓል ላይ ኬክ የበሉ 6 ልጆች ታመሙ። ኬኩ የተቀባበት ሮዝና ወርቅ የሚመስል ዱቄት ደቃቅ መዳብ ነበር። በ2019 ደግሞ በሚዙሪ ግዛት በአንድ የ1 ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ተገኘ። ምንጩ ሲፈለግ የልደቱ ኬክ የተቀባበት ዱቄት ሆነ፤ ከዱቄቱ ክብደት ሩብ ያህሉ እርሳስ ነበር። ልብ አድርጉ፤ እነዚህን ኬኮች የሠራቸው ልጅ ልጉዳ ያለ ሰው አልነበረም። ማብረቂያው ኬክ ላይ የሚደረግ ነገር ይመስል ነበር፤ ያ ብቻ ነው።

ከዚህ ምን እንማር? ብልቃጡ ላይ «መርዝ የለውም» የሚል ጽሑፍ አይበቃም። «ለጌጥ ብቻ» የሚል ከሆነ ለጌጥ ብቻ ነው፤ ከአፍ ይራቅ። ለመብል የተሠራ ማቅለሚያ የሚበላ መሆኑን በግልጽ ይጽፋል፤ ከምን እንደተሠራም ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ከሌለ አትግዙ። ድጋሚ ልበለው፦ የሚበላ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ከምን እንደተሠራ ይዘርዘር። ማሸጊያው ተከፍቶ በላስቲክ እየተቆጠረ የሚሸጥ ዱቄት ደግሞ ምንም ቢያምር መታወቂያ የለውም። አውሮፓ ላላችሁም አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ለማድረጊያ የኖረው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከ2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ምግብ ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የቆየ ብልቃጥ ካላችሁ ተመልከቱት።

ጥቁሩ ጋዋንስ? ነጭ ፎንዳንትን በማቅለሚያ ጥቁር ማድረግ ብዙ ቀለም ይፈጃል። ሊጡ ይላቁጣል፤ ይመራል፤ የልጆቹም ጥርስና ምላስ ለፎቶ ግራፍ የማይሆን ይሆናል። ከጥቁር ቸኮሌት ወይም ካካዎ ከገባበት ሊጥ ብትጀምሩ ግን ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ጥቂት ማቅለሚያ ጨምራችሁ አሳድሩት፤ ቀለም በእረፍት ይጠቁራል። ቀይም ያው ነው። ፈሳሽ ማቅለሚያ ሊጥ ስለሚያቀጥን ወፍራሙን ምረጡ።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፤ ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ጥቂት ይቆያል።)

አንድ ተቃውሞ ቀርቶኛል፤ ከሁሉም ለስላሳው እሱ ነው። «የልጄን የመጀመሪያ ልደት ምስል እንዴት ትበላ ትለኛለህ? ማስታወሻ ናት» የምትል እናት አለች። ስሜቷ ይገባል። ግን የቸኮሌት ምስል በሁለት ሦስት ወር ላዩ ይነጣል፤ የስኳሩም እርጥበት ሲያገኝ ይቀልጣል፤ ጉንዳንም ያገኘዋል። ለማስታወሻ የሚሆነው ሌላ ነው። የልጁ ስምና ቀኑ የተጻፈበት፣ ከደረቅ ፎንዳንት የተሠራች ትንሽ ሰሌዳ ለብቻዋ ትዘጋጅ፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠች ለዓመታት ትቆያለች። ምስሉ ይበላ፤ ሰሌዳው ይቀመጥ። «ልጁ የሚወደው ገጸ ባሕርይ ሲቆረጥ ያለቅሳል» ለሚለውም፣ ቢላ አታንሱ፤ ለራሱ ስጡት። አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠየቅ ከጆሮው ይጀምራል።

ዋጋስ? ቸኮሌት ከዱቄት ስኳር ይወደዳል፤ አይካድም። ስለዚህ ቁጥሩን ቀንሱ። ማንም የማይነካቸው 5 ምስሎች ከሚሠሩ አንድ የሚጣፍጥ ይሠራ። ባለሙያዋ የምትሸጠው በዋናነት ሰዓቷን ነው፤ ከ5 ወደ 1 ስትወርድ ለቸኮሌቱ የሚከፈለው ከሰዓቱ ይተርፋል።

ጾምስ? በዓላችን ከጾም ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ከላይ እንዳልነው ፎንዳንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለ፤ ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። ኬኩ ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ቢጋገርም ላዩ የተለበጠው ፎንዳንት ጾሙን ይሽረዋል። ሙስሊም ደንበኛም ጄላቲኑ ከአሳማ ነው ወይስ ከከብት ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ መልሱ ማሸጊያው ላይ ካልተጻፈ «አላውቅም» ማለት ይሻላል። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌትና እንቁላል ያልገባበት ማርዚፓን ግን ለሁለቱም ቤት ይሆናሉ። ነጭ ቸኮሌት ወተት ስላለው ከጾሙ ወገን አይደለም።

እንግዲህ ኬክ የምታዙ አድማጮች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስታዙ ባለሙያዋን ሦስት ነገር ጠይቋት። ምስሉ ከምን ነው? ውስጡ ምን አለ? የተቀባው ቀለም ዝርዝሩ ያለበትን ብልቃጥ ታሳዪኛለሽ? ደስ ብሏት ታሳያለች፤ ሥራዋን የምታውቅ ከሆነ ይህን የሚጠይቃት ሰው ስታገኝ ይበልጥ ደስ ይላታል። ኬክ የምትሠሩ ደግሞ ሳትጠየቁ በትንሽ ወረቀት ጻፉት። ለአበባ ሲባል የግድ ሽቦ ከገባ የት እንዳለ ምልክት አድርጉ፤ ሽቦውም በቀጥታ ኬኩን አይንካ፤ በስትሮው ውስጥ ይግባ። ስታስረክቡም ለተቀባዩ በእጃችሁ እያሳያችሁ፣ «ይህች ትነቀላለች፤ የቀረው ሁሉ ይበላል» በሉት።

ለዛሬ እዚህ ላይ እናቆማለን። በሚቀጥለው ሳምንት በደጋ ከተማ ኬክ ለምን መሃሉ እንደሚሰረጉድና የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን ለምን መቀነስ እንደሚያስፈልግ እንነጋገራለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ።)